የደም መታወቂያ

ካልሲው አልገባ ብሎ አስቸግሯታል። ኮከብ መሬት ላይ ተንበርክካ፣ የወንድሟን እግር ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ «ጣትህን ሰብሰብ አድርግ እንጂ» ትለዋለች። ወንድይፍራው አልጋው ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጢም ማብቀል ጀምሯል፤ ግን ጎንበስ ብሎ የገዛ ጫማውን ማሰር ካቃተው ዓመት አልፎታል። እሱም ጠዋት ጠዋት ብቻ።

ያ «ጠዋት ጠዋት ብቻ» የሚሉት ነገር ነው ጉዱን ያፈላው። ሊነጋጋ ሲል ወገቡና ዳሌው ቁልፍ ይልበታል። ከአልጋ የሚወርደው በጎኑ ተንከባሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ነው። ከዚያ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ውኃ ሲቀዳ፣ መንገድ ሲሄድ እየተፍታታ ይመጣና ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ኳስ ሲያንከባልል ይታያል። የኮልፌ ሰው ደግሞ ለዚህ ለዚህ ዓይን አያንሰውም። «ጠዋት ሽባ፣ ማታ በረኛ» ብለው ስም አወጡለት። አጅሬ ተኝቶ መብላት ለምዷል፣ ደህና አድርጎ እየሸወደን ነው ተባለ። እናታቸው አጸደ እንኳ ሆዷ የባባ ቀን «ልጄን ዓይን በላብኝ» እያለች ታለቅሳለች፤ የመረራት ቀን ደግሞ «ተነስ፣ አንተ ሰነፍ» ብላ ብርድ ልብሱን ትገፈዋለች።

ኮከብ ግን አንድም ቀን አልተጠራጠረችም። ጫማውን የምታስርለት እሷ ናት። ሲያመው ፊቱን ለመደበቅ ጊዜ ሳያገኝ በቅርብ የምታየው እሷ ብቻ ነበረች።

ያን ቀን ወደ ሐኪም ቤት ሊሄዱ ነው። ዘመኑ ብሔራዊ ውትድርና እየተባለ ጎረምሳ ከየቀበሌው የሚለቀምበት ዘመን ነበር፤ የወንድይፍራውም ስም ቀበሌው በር ላይ ተለጥፏል። በዚያ ላይ ግራ ዓይኑ እንደ በርበሬ ቀልቶ ብርሃን ማየት እምቢ አለው። ወገቡን «ይተዋል» እያለች የቆየችው እናቱ በዓይኑ ደነገጠች። ከጦር ኃይሎች ውይይት ታክሲ ላይ ሲወጡ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ዓይኑን አይተው ጉልበታቸውን ሰበሰቡ። ኮከብ ይህን ስታይ ሆን ብላ ወንድሟን ተጠጋችው።

ያየቻቸው ሐኪም ዶክተር ሸዋገነት ትባላለች። ሀንጋሪ ተምራ የመጣች፣ ገና ወጣት፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ወንድይፍራውን እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ጠይቆት የማያውቀውን ነገር ጠየቀችው፤ የሚብስብህ ስታርፍ ነው ወይስ ስትሠራ? ስታርፍ አላት። ያን ጊዜ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ወገቡን በጣቶቿ ወርዳ ወርዳ ዳሰሰች፣ ዓይኑን በመብራት አየች፣ የራጅ ፊልሙን መስኮት ላይ ወደ ብርሃን ዘረጋችው።

«ሰውነታችን ጠባቂ አለው፤ በሽታ ሲገባ የሚዋጋልን» አለች። «ጠባቂው የቤቱን ሰው ከባዕድ የሚለየው ሴሎቻችን ላይ ባለ ምልክት ነው። እንደ ቀበሌ መታወቂያ በሉት። ይህን ምልክት ከእናትና ከአባት ነው የምንወርሰው። ከዓይነቶቹ አንዱ ቢ ሃያ ሰባት ይባላል። እሱ ያላቸው ሰዎች ላይ አንዳንዴ ጠባቂው ይሳሳትና የገዛ ቤቱን ይመታል፤ ወገብን፣ ዳሌን፣ ዓይንን ያስቆጣል። ለምን እንደሚሳሳት እስካሁን በእርግጠኝነት ያወቀ የለም።»

ምልክቱ በራሱ በሽታ እንዳልሆነም አስረዳቻቸው። ብዙዎች ይዘውት ተወልደው፣ አንድ ቀን ሳያማቸው አርጅተው ይሞታሉ። በእኛ አገር ብዙም ስለማይታይ ሐኪሙም ቶሎ አያስበውም። የደሙ ምርመራ እሷ በተማረችበት ከተማ አለ፤ እዚህ የለም። ፊልሙ ላይም አጥንቱ ገና ብዙ አያሳይም፤ ዓመታት ይፈልጋል። ዓይኑ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ጠብታው እንዳይቋረጥ አለች። ከዚያ ወደ እናትየው ዞራ፣ ከቤተሰቡ እንዲህ ወገቡ የደረቀ ሰው ነበር ወይ ብላ ጠየቀች።

አጸደ ቶሎ መለሰች። አባቱ ጎብጦ ነበር፣ ግን እሱ ግድግዳ ወድቆበት ነው አለች።

ግድግዳውን ኮከብ በደንብ ታውቀዋለች። ልጆቹ ሁሉ ያደጉት በዚያ ወሬ ነው። አባታቸው ጥሩነህ ግንበኛ ነበር፤ ኮከብ ሕፃን ሳለች ነው የሞተው። የምታስታውሰው መሬት መሬቱን እያየ ሲሄድ፣ ስትጠራው ደግሞ አንገቱ አልዞር ስለሚለው ሙሉ ሰውነቱን ይዞ ሲዞርላት ነው። ዶክተሯ ግድግዳው የወደቀው የት እንደሆነ ጠየቀች፤ ተኝቶ ታክሞ እንደሆነ ጠየቀች፤ በአንድ ቀን ጎበጠ ወይስ እየቆየ ብላ ጠየቀች። አጸደ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ግድግዳ የሚባል ነገር አልነበረም» አለች በመጨረሻ። «አባቱም አያቱም እንዲሁ ናቸው። እኔንም ሲድሩኝ ግድግዳ ነው ብለው ነው የሸነገሉኝ። ገብቼ ነው ያወቅሁት።»

ኮከብ እናቷን አየች። ወንድሟን አየች። ወንድይፍራው ጤነኛ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ ቀረ። ዶክተሯን ግን ነገሩ ጠቀማት፤ ከደሙ ምርመራ ቀጥሎ ትልቁ ማስረጃ ይኸው ነው አለች። ያየሁትን እጽፍላችኋለሁ፣ ነገር ግን የምልመላ ኮሚቴው እንዲህ ያለ በሽታ ሰምቶ ስለማያውቅ፣ እርስዎ ቀርበው አባቱም አያቱም እንደነበሩበት በአፍዎ ይናገሩ አለቻት። ልጁም በጠዋት፣ ሳይፍታታ፣ እንደደረቀ ይቅረብ። ከአንድ ወላጅ ልጆች ምልክቱን የሚወርሱት ግማሽ ያህሉ ሊሆኑ ይችላሉ ስትል፣ ኮከብ ሳታስበው የራሷን ወገብ ዳበሰች።

ከታክሲ ሲወርዱ አጸደ መንገድ ዳር ቆማ ለሁለቱም ቁርጡን ነገረቻቸው። ኮሚቴው ፊት ስለ ዘር አንዲት ቃል አትወጣትም።

እንግዲህ ይህን ለመረዳት ሰፈሩን ማወቅ ነው። ኮልፌ ውስጥ «በዘር የሚመጣ» ከተባለ ሰው ሌላ በሽታ አያስብም፤ ሐሳቡ ወደ ሥጋ ደዌ ነው የሚሮጠው። ሕሙማኑ ከተማው ዳር በአንድ መንደር ተሰብስበው ይኖራሉ፤ ስለነሱ የሚወራው ክፉ ወሬ ሁሉ ሰፈሩ ድረስ ይደርሳል። በሽታው በዘር እንደማይተላለፍ ኮከብ ትምህርት ቤት ተምራለች፤ ሰፈሩ ግን አልተማረም፤ መማርም አልፈለገም። እና በዚያው ሰሞን የመጀመሪያ ልጃቸው ትርንጎ ታጭታ ነበር።

ትርንጎ ጊንጪ መምህርት ናት። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ቤቱ የቆመው በእሷ ደሞዝ ነው፤ ጓደኞቿ ሁሉ ሲዳሩ እሷ «ወንዴ ይጨርስ፣ ኮከብ ትድረስ» እያለች ዕድሜዋን ገፋች። አሁን ይገዙ የሚባል የባንክ ሠራተኛ ሽማግሌ ልኮባታል። ያሳደጉት አጎቱ ጋሽ ተክለማርያም ናቸው፤ ሽማግሌ ሆነው መጥተው «ዘራችሁ እንዴት ነው?» ብለው በቀጥታ ጠይቀዋል፤ አጸደም የጠራ ነው ብላ ምላለች። እኚሁ ጋሽ ተክለማርያም ደግሞ የቀበሌው ምልመላ ኮሚቴ አባል ናቸው። ይህን የመሰለ መከራ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

«ወንድይፍራው ሄዶ ይመለሳል» አለች እናትየው። «ትርንጎ ግን ይሄ ትዳር ከፈረሰ ማን ይወስዳታል?»

የኮሚቴው ቀን ኮከብ ከትምህርት ቤት ፎረፈች። ወንድሟን ከአልጋ አውርዳ ጫማውን አሰረችለትና ቀበሌ ድረስ ቀስ አድርጋ ወሰደችው፤ እንዳይፍታታ ብላ እየቆመች፣ እያሳረፈች። ሲደርሱ ወገቡ እንደ ሳንቃ ደርቋል። እንዲህ ሆኖ ካዩት ማንም ጤነኛ ነው አይልም ብላ ተስፋ አደረገች። አጸደም ከኋላ ደረሰች።

ኮሚቴው ግን አልተሟላም። የአብዮት ጥበቃው ሰው ወጣና የተሰበሰቡትን ጎረምሶች አይቶ፣ ሥራ ፈትታችሁ ከምትቀመጡ ቦዩን ጥረጉ፣ አግዳሚ ወንበሮቹንም ወደ አዳራሹ አስገቡ ብሎ አዘዘ። ኮከብ ወንድሜ ታማሚ ነው ብላ ልትለምን ስትል እናቷ ክንዷን ጨብጣ ያዘቻት። ልጁን ደግሞ «ሥራ ልጄ፣ ክፉ ስም እንዳይሰጡህ» አለችው። ወንድይፍራው አካፋ ያዘ። መጀመሪያ ሲያነሳው ፊቱ ተቋጠረ። ቆይቶ ግን ትከሻው ላላ፣ እርምጃው ተስተካከለ፤ ወንበር ተሸክሞ ሲገባ ላቡ ግንባሩ ላይ ይወርድ ነበር። ኮከብ በቁሟ አረረች። ዓይኗ እያየ ሕመሙ ከወንድሟ ላይ እየለቀቀ ነው፤ በዓለም ላይ ሕመም አይልቀቅ ብላ የምትጸልይ እህት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ስሙ ሲጠራ እኩለ ቀን ደርሷል፤ የዓይኑ ቅላትም በጠብታው ከለቀቀው ሰንብቷል። አዳራሹ በወላጅና በጎረቤት ሞልቷል፤ ከፊት ኮሚቴው፣ ከኮሚቴው መሐል ጋሽ ተክለማርያም ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ለምርመራ የመጣው የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ጎንበስ በል አለው። ወንድይፍራው ጎንበስ አለ፤ የጣቶቹ ጫፍ ከጉልበቱ በታች ደረሰ። ተነስ አለው፤ ተነሳ። ከኋላ አንዱ «በረኛው» ብሎ ሲፎግር ሳቅ ተሰማ። ሊቀመንበሩ የዶክተሯን ወረቀት አገላብጠው አዩትና፣ እዚህ ላይ ቤተሰብ ይጠየቅ ይላል፣ እንዲህ ያለ ነገር በዘራችሁ አለ ወይ ብለው አጸደን ጠየቁ።

አጸደ የለም ጓድ አለች። ዘራችን ንጹሕ ነው፤ አባቱ ግድግዳ ወድቆበት ነው የጎበጠው፣ ሰፈር የሚያውቀው ነው አለች።

ኮከብ መነሳቷን ያወቀችው ሰው ሁሉ ሲዞርባት ነው። ጋሽ ተክለማርያም እሷን ለማየት አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

«ግድግዳ አልወደቀበትም» አለች። «አባቴም አያቴም እንደ ወንዴ ናቸው። ዶክተሯ በደም የሚወረስ ነው ብላናለች። ጠዋት መጥታችሁ እዩት፣ ከአልጋ መነሳት አይችልም።»

ሊቀመንበሩ ወደ ልጁ ዞሩ። ወንድይፍራው ሸሚዙን እየቆለፈ ነበር፤ የመጨረሻውን ቁልፍ ሳይቸኩል ቆለፈ።

«እህቴ ልጅ ናት፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ። «እንዳልሄድባት ብላ ነው የምትቀባጥረው። አባቴ ግድግዳ ተንዶበት ነው። እኔ ጤነኛ ነኝ።»

ነገሩ በዚያው አለቀ። «ይሄ ነው ወንድ!» አሉ ጋሽ ተክለማርያም። ሰውም ለእህትነቷ አዝኖላት ፈገግ ፈገግ አለ። ኮከብ አፏን ይዛ ወጣች። ወንድሟ ከቀበሌው አጥር ጥግ ደረሰባት፤ እንዳትቀየመው ለመናት። እትዬ ትርንጎ በእኔ የተነሳ ስንት ዓመት እንደቆየች ታውቂያለሽ፣ አሁን ደግሞ በእኔ ወገብ ቆማ ትቅር ወይ አላት። ለማንም አልናገርም በይኝ ብሎ እጇን ያዘ። ኮከብ ግን አልማለችለትም።

የወሰዱት በጠዋት ነበር። መኪናው ላይ መውጣት አቃተው፤ ሁለት ልጆች በብብቱ ይዘው ሲያነሱት ሰው «እንቅልፉን አልጨረሰም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ።

ወሬ የመጣው መጋቢት ላይ ነው፤ ያውም ከነገሬ። ነገሬ የጎረቤታቸው ልጅ ነው፣ አብሮት ተመልምሎ ሥልጠና ላይ ክንዱ ተሰብሮ የተመለሰ። ኮከብ ቦኖ ውኃ ወረፋ ይዛ ሳለ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። የወንድሟን ወሬ ነገራት።

«ፊሽካ ሲነፋ መነሳት አይችልም። ያስመስላል ብለው ገረፉት። ቀትር ላይ ሲሮጥ ሲያዩት ደግሞ ‹ይኸው!› ብለው ይብስ ገረፉት። ጫማውን እኔ ነበርኩ የማስርለት፤ ክንዴ እስኪሰበር።»

ዓይኑስ አለችው። ጠብታው ገና በሳምንቱ አልቆ ነበር አላት። ነገሬ ሲለየው በግራ ዓይኑ አያይም። እንደዚያም ሆኖ ወደ ሰሜን ጭነውታል። ኮከብ ማሰሮዋን ባዶውን ይዛ ተመለሰች። ለእናቷ ነገረቻት፤ አንድም ነገር አላስቀረችላትም። አጸደ ደረቷን ደቃች፣ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ አለቀሰች፤ አልቅሳ ስትጨርስ ግን የተናገረችው ስለ ሠርጉ ነው። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው፣ ለትርንጎ ምንም እንዳትነግሪ አለች። ኮከብ ያን ቀን እናቷን ጠላቻት። ማታ ስታቃስት ስትሰማት ደግሞ አሳዘነቻት፤ ይህም ራሱ አናደዳት።

ትርንጎ በሠርጉ ሳምንት መጣች። ቬሎውን ለመለካት ኮከብን ይዛ ጓዳ ገባች። ያን ቀን የይገዙ ዘመዶች ለመጨረሻው ንግግር ሊመጡ ነው፤ ውጭ ዳስ ይተከላል፣ ይወራል፣ ይሳቃል። ትርንጎ ደስ ብሏታል፤ እንዲህ ደስ ብሏት ኮከብ አይታት አታውቅም። ወንድይፍራው በፈቃዱ «ጤነኛ ነኝ» ብሎ መሄዱን እናቷ ነግራታለች፤ ኮርታበታለች።

«ትንሽ ሰነፍ ነበር እኮ» አለች መስታወቱን እያየች። «ውትድርናው ያፍታታዋል። ወንድ ልጅ ከወለድኩ ወንድይፍራው ነው የምለው። ስንፍናውን እንዳይወርስብኝ እንጂ።»

ኮከብ መርፌ ቁልፉን ከቬሎው ላይ ነቀለችና አስቀመጠችው። ሄዳ የጓዳውን በር ከውስጥ ቀረቀረች። ትርንጎ ምን ሆንሽ ስትላት ተቀመጪ አለቻት። ከዚያ ከሐኪም ቤቱ ጀምራ ነገረቻት። ስለ ደሙ ምልክት፣ ግማሽ ያህሉ ሊወርሱት እንደሚችሉ፣ እኔም አንቺም ይኑረን አይኑረን አናውቅም አለቻት፤ ቢኖርሽም ላያምሽ ይችላል፣ ልጅሽም ላይ እንዲሁ፣ ግን አንድ ቀን ጠዋት ወገቡ ከደረቀ ሰነፍ ነው አትበዪው አለቻት። ስለ ቦዩ ጠረጋ፣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ግርፋቱ ነገረቻት። ትርንጎ መጀመሪያ ተቆጣች፤ በሠርጌ ሰሞን ይሄን የምታመጪብኝ ቀንተሽ ነው ወይ አለች። የዓይኑን ስትሰማ ግን ቁጣዋን ተወችው። የቬሎውን እጅጌ በእጇ ጨመደደች።

«ለእኔ ብሎ ነው?» አለች።

ኮከብ አይደለም ልትላት ትችል ነበር። አንድ ቃል ናት። ሙሽራይቱ ቀና ብላ ትዳራለች፣ እናትየው ታርፋለች፣ ወንድይፍራውም የፈለገው ይኸው ነበር።

«አዎ» አለች ኮከብ።

ውጭ እንግዶቹ ደረሱ። የጋሽ ተክለማርያም ድምፅ ተሰማ፤ ቤት ለእንቦሳ ሲሉ፣ አጸደ እየተጣደፈች እንቦሳ እሰሩ ስትል። ቆየት ብሎ በሩ ተንኳኳ።

«ሙሽሪት፣ ነይ እንጂ፣ ሰዎቹ መጥተዋል» አለች እናታቸው።

በሩ እንደገና ተንኳኳ፤ አሁን ጠንከር ብሎ። ኮከብ ከእህቷ አጠገብ አልጋው ላይ ተቀመጠች። መቀርቀሪያውን ልትነካው አልተነሳችም፤ ይከፈትም አይከፈትም የምትወስነው ትርንጎ ናት።